አደይ አበባን ማን አየው?

ለመስከረም በተዘጋጀው ወረቀታችን ላይ የወጡትን ግጥሞች አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። ስንኞቻቸው የተመጠኑ ናቸው፤ ቤት ይመታሉ፤ በእጅ የገለበጧቸውም ሰዎች ፊደሉን ሳያበላሹ በጥንቃቄ ጽፈዋቸዋል። ሆኖም ከአንዱ በቀር ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ክረምቱ ያልፋል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ አበባ ጋራውን ቢጫ ያለብሰዋል፣ ምንጩ ኩልል ይላል፤ ከዚያም ገጣሚው ከሩቅ ሆኖ መቼ እመለስ ይሆን ብሎ ይጠይቅና ግጥሙ ያበቃል። የአንዱን ስም ፍቀን የሌላውን ብንጽፍበት ባለቤቱ ራሱ ልዩነቱን የሚያውቀው አይመስለኝም።

ጉድለቱ የአንድ ሰው ስላልሆነ በዚህ ሂስ የማንንም ስም አልጠራም። ጥያቄዬ ግን ለሁሉም ነው። ይህን አበባ ማን አየው? የት ቆሞ አየው? ያየው ዕለትስ ምን አደረገ?

አንዳንድ አንባብያን፣ “የስደተኛን ናፍቆት በሂስ መምታት ጭካኔ ነው” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በበኩሌ ናፍቆት ካለ ይልቁንም ማጣራት ይገባል ባይ ነኝ። እናቱን የናፈቀ ሰው “እናት ደግ ናት” ብሎ አያቆምም፤ የነጠላዋን ጥለት፣ በእጇ ላይ የሚቀረውን የሽንኩርት ሽታ ያነሣል። አገር የናፈቀ ሰው ስለ መስከረም ሲጽፍ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ከቀን መቁጠሪያ ሥዕል የገለበጠ ይመስላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳስተምር፣ ማን እንደ ደነገገው ባይታወቅም፣ የዓመቱ የመጀመሪያ የድርሰት ርእስ ሁልጊዜ መስከረም ነበር። ዝናሙ ቆርቆሮውን እየደበደበ ዕጩ መምህራኑ አንገታቸውን ደፍተው ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስለ መውጣቷ ይጽፉ ነበር። ቀና ብሎ በመስኮት የሚያይ አልነበረም። ዓመቱን ጨርሰው ወደየገጠሩ ሲመደቡ ያንኑ ርእስ ለልጆች ይሰጣሉ፤ ልጆቹም ያንኑ ይጽፋሉ። እንዲህ እያለ ይወረሳል።

የዝናሙ ጥፋት አልነበረም። በአባቶች ቆጠራ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ነው። ዕንቁጣጣሽ የሚውለው እንግዲህ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን አጥተውት አይደለም። ክረምትን ከፋፍለው ለየክፍሉ ስም አውጥተውለታል፤ መጀመሪያው ዘርዕና ደመና፣ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ፣ በነሐሴ ውስጥ ዕጓለ ቋዓት ማለትም የቁራ ጫጩቶች፣ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ደግሞ ጎህ፣ ነግህ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን። ዝናሙ ሳያባራ፣ ከደመናው በታች ሆነው ብርሃን አሉት። ባላገሩም ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም ይላል፤ ቡሄ ግን ነሐሴ 13 ነው፣ ደመናው ገና ከነጉልበቱ ሳለ። በጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ልጆች ደጅ ወጥተው ዝናም ይመታሉ፤ ያ ዝናም እንደ ጠበል ይቆጠራል። ያው ልጅ በሐምሌ ዝናም ሲመጣ ሮጦ ከጣሪያ ሥር የሚገባ ነበር። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ሊነቅሉ ሜዳ ሲወጡ እግራቸው ጭቃ ይገባል። በግጥሞቻችን ውስጥ ግን ጭቃ የነካው እግር አንድም አላገኘሁም።

ከወንድሞቻችን አንዱ በግጥሙ መጀመሪያ ላይ በመተማ ቆላ ማደጉን ነግሮን፣ በሦስተኛው ስንኝ አደይ ወደ ሞላበት ደጋ ዘሎ ይወጣል። ለምን? ቢጫ ከፈለገ የራሱ ቢጫ አለው። የሰሊጥ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር ገበሬው ማጭዱን ይስላል፤ ቢዘገይ ፍሬው በቆመበት ተከፍቶ ይረግፋልና። መተማና ሑመራ ብቻ ሳይሆኑ በወዲህ በኩል ገዳሪፍም ይህን ያውቃል፤ ከእኛም መካከል በሰሊጥ አጨዳ ወገቡ የጎበጠ ብዙ ሰው አለ። ይህ ወንድማችን የልጅነቱን ቢጫ ቢጽፍልን ኖሮ ነዶ ያሰረ እጅ ሁሉ ያነበው ነበር።

ሌላው የቃል ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችሁ መስከረምን “ጸደይ” ብላችሁታል። ዛሬ በተለምዶ እንደዚያ ስለሚባል፣ በትምህርት መጻሕፍትም ስለሚገኝ ጥፋት ነው አልልም። በድሮው ቆጠራ ግን ከክረምት ቀጥሎ የሚገባው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ስሙ መፀው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን በልግ የሚዘንምበት፣ መሬት የሚገመስበት፣ ገበሬው ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚከርምበት ነው። ቃሉ ቦታውን የለቀቀው በእኔ ግምት የፈረንጆቹን አራት ወቅቶች ወደ አማርኛ ስንመልስ ነው። በእነርሱ አገር ከበረዶው ወራት ቀጥሎ አበባ አለ፤ በእኛም ከዝናሙ ወራት ቀጥሎ አበባ አለ፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው ላይ ለጠፍነው። የእነርሱ የበረዶ ወራት ምድር የምትተኛበት ነው። የእኛ ክረምት ዘር የሚበቅልበት፣ አረም የሚታረምበት፣ በሬና ሰው የሚደክሙበት የሥራ ወራት ነው። መስከረም ላይ ምድሪቱ ከእንቅልፍ አትነቃም፤ ሦስት ወር ሙሉ ስትሠራ የከረመችውን ታሳያለች እንጂ። ግጥሞቻችን “ከረጅም እንቅልፍ” ሲሉ ያነበብኩት ሁሉ ከዚያ ከሌላው ሰማይ የመጣ ነው።

በዚህ ነገር ሱዳኖች የሠሩት ሥራ ያስቀናል። “ኸሪፍ” በሌላው ዐረብ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው፤ በሱዳን ግን የዝናም ወራት ነው። ቃሉን ተቀብለው በራሳቸው ሰማይ ልክ ሰፉት። ዝናሙ ቆሞ ሙቀቱ ተመልሶ የሚመጣበትን፣ ማሽላው የሚደርስበትን አጭር ጊዜ “ደረት” ይሉታል። ከኅዳር ገደማ ጀምሮ የሰሜኑ ነፋስ ሲገባ ደግሞ “ሺታ” ነው። ካርቱም የኖረ ሰው እነዚህን ቃላት ከገበያ ያውቃቸዋል፤ በላብና በብርድ ልብስ ያውቃቸዋል። በአንድም ግጥማችን ውስጥ ግን አልገቡም፤ የእኛ መስከረም ካርቱም ላይ ሲውል ልብስ የሚያስወልቅ ሙቀት መሆኑን የሚናገር ስንኝ የለም።

አበባው ሌላም ዕዳ አለበት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ካወረደ ወዲህ መስከረም የአብዮት በዓል ወር ሆነ። ለሰልፉ የሚጻፉት ግጥሞች አደይን ከመፈክሩ ጎን አሰለፉት፤ ጨለማው ክረምት ያለፈው ሥርዓት፣ አበባው አዲሱ ሥርዓት ተባለ። ያም ሥርዓት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ የግጥሙ ስልት ግን አልወደቀም፤ ክረምቱና አበባው ባለቤት እየለወጡ ኖሩ። እኛም ከዚህ ሆነን የምንጽፈው ያንኑ ነው። ክረምቱ ያባረረን ሰው፣ አበባው የምንመለስበት ቀን ይሆናል። አንባቢው የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሰማ የመጨረሻውን ያውቀዋል፤ የሚያውቀውም በሰልፍ ሜዳ ስለ ሰማው ነው።

“አበባን መደጋገም የአባቶች ልማድ ነው፤ ማኅሌተ ጽጌስ?” የሚለኝ ቢኖር ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አበባ ይዘመራል፤ ድርሰቱም የአባ ጽጌ ድንግል ነው ይባላል። ነገር ግን እዚያ ጽጌ ካለ ፍሬ አለ። አንድ ጊዜ እመቤታችን አበባ ልጇ ፍሬ፣ ሌላ ጊዜ ልጇ አበባ እርሷ ግንዱ ትሆናለች፤ ደራሲው ያንኑ ምሳሌ በየአርኬው ያገላብጠዋል፤ ሰሚው እንቅልፍ ቢጥለው የሚያመልጠው ነገር አለ። የእኛ አበባ ፍሬ የላትም። በባላገር ቤት እኮ መስከረም የጎተራው ወለል የሚታይበት ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው፤ ጤፉና ስንዴው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ አይታጨድም። ስለዚህ እናቶች ከአበባው ይልቅ ዓይናቸውን የሚጥሉት በባቄላውና በገብሱ እሸት ላይ ነው። መስከረምን በረኃብ በኩል ያየ ግጥም ከመካከላችን አልወጣም፤ ይህን ያህል የተራብን ሰዎች ሆነን ሳለን ይገርማል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን ብዙዎቻችን በቃል እናውቀዋለን። ሠዓሊ ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በስደት ሞተ፤ ግጥሞቹ “መንገድ ስጡኝ ሰፊ” በሚል ርእስ በመጽሐፍ የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። “ሀገሬ” የሚለው ግጥሙ ስደተኛ ባለበት ሁሉ የሚነበበው ናፍቆቱ ከሌላው ስለሚበልጥ አይመስለኝም። ቀለም ሲል ቀለሙን አይቶታል፤ ነፋስ ሲል ነፋሱ የሚነካው ነገር አለው። የሠዓሊ ዓይን ለግጥም የሚያበድረው ይህን ነው። ከእርሱ የምንቀዳው ግን ዓይኑን ትተን ቃላቱን ሆነ።

እንግዲህ ከካርቱም ሆኖ የአገሩን መስከረም የሚጠባበቅ ሰው ምን ያያል? አደይ የለም። ዓባይ ግን አለ። ጥቁሩ ዓባይ ከጣና ወጥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሞግረን ላይ ከነጩ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በክረምት ጉልበቱ ስለሚበዛ ነጩን ያግደዋል፤ ነጩም ወደ ኋላ ተኝቶ እንደ ሐይቅ ይሰፋል። የጎጃምና የወሎ ዝናም በካርቱም የሚታወቀው እንዲህ ነበር፤ ውሃው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ መስከረም ገፍቶ ሲሄድ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ታግዶ የከረመው ነጩ ዓባይ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የአገራችን ክረምት መውጣቱን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ምልክት በዚህ ከተማ የለም። ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ያለችው የቱቲ ደሴት ሰዎች ጎርፉ ሲመጣ በዳርቻው ላይ “ታያ” የሚሉትን የጥበቃ ቦታ ያቆማሉ፤ ተራ ገብተው ሌሊቱን ውሃውን ይጠብቃሉ። በ1938 ዓ.ም. ክረምት በመጣው ታላቅ ጎርፍ ወጣቶቹ ውሃውን አግደው ደሴታቸውን ስላዳኑ ዘፈን ወጥቶላቸዋል፤ ሱዳኖች እስከ ዛሬ ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ውሃው በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲወጣ ያ ጥበቃ ጨዋታ እንዳልነበረ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ለታያ ጠባቂ አንድ ጣት ውሃ ትርጉም አለው። ስለ ወቅት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚሻል መምህር አላውቅም።

ይህም ምልክት ራሱ እየተለወጠ ነው። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጉባ ላይ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ውሃ መጠራቀም ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል፤ የክረምቱም ውሃ እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ አይወርድም። ስለዚህ ከእኛ በፊት የተሰደዱት ሰዎች ከድልድዩ ላይ ሆነው ያዩት ጭቃማ ውሃ ዛሬ ያው አይደለም። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ ማየት ራሱ ሌላ ነገር ሆኗል። የዛሬ ገጣሚ የቀድሞዎቹን ቃል ገልብጦ የአገሩ አፈር በፊቱ ሲያልፍ እንዳየ ቢጽፍልን፣ ያም ሌላ አደይ አበባ ይሆንብናል።

ስለ ምልክት ከተነሣ፣ በዚህ አገር የስደተኛ ታሪክ ውስጥ ስለ ጸደይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። የ1976 ክረምት ሳይሰጥ ቀርቶ በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ሲጸና ከመቶ ሺህ በላይ የትግራይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ገባ። በዚያው ዓመት፣ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ጓዛቸውን አንሥተው ወደ መጡበት ተመለሱ። ረኃቡ አላበቃም፤ ጦርነቱም አልቆመም፤ የሥጋት ምክር የሰጧቸውም ነበሩ። ገበሬዎቹ ግን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መሬቱ መታረስ እንዳለበት ያውቃሉ። ይህ የሆነው በድሮው ቆጠራ በጸደይ ነው፤ አበባ በሌለበት፣ ምድሩ ገና ዝናም በሚጠብቅበት ጊዜ። መስከረምን ጸደይ እያልን ስንጽፍ ይህን ወቅት፣ ገበሬ የሚወስንበትን ወቅት፣ ያለ ስም አስቀረነው። ስለዚያ ጉዞ አንድ ግጥም ቢጻፍ፣ ገጣሚው የሚጀምረው ከየትኛው ምልክት ይሆን? ማን መጀመሪያ ብድግ አለ? እኔ ይህን ባነብ እወድ ነበር።

አሁን ወደ ተለየው ግጥም ልምጣ። የጻፈችው እህታችን አደይ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችም። ግጥሟ ስለ ጣሪያዋ ነው። በኸሪፍ ከላይ የተወጠረው ልባስ ሌሊቱን ውሃ እያቆረ ይከብዳል፤ እርሷም ሌሊት ሌሊት እየተነሣች በእንጨት ከታች ትገፋዋለች፤ ውሃው በጎን ይፈስሳል። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ካምፕ የለም። አንድ ሌሊት እንደ ልማዷ ተነሥታ፣ በጨለማ እንጨቱን ፈልጋ፣ ጉልበቷን ሰብስባ ትገፋለች፤ ጣሪያው ቀላል ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል። ውሃ የለም። እንጨቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ልጇ ነቅቶ ምን ሆንሽ አላት።

አንድ ጓደኛዬ እንጨቱ ሽቅብ በሚሄድበት ቦታ ስንኙ ጎድሏል፣ ምጣኔው ተሰብሯል ብሎ ወቅሷታል። እኔ ደግሞ ግጥሙን ጮክ ብሎ እንዲያነበው እጠይቀዋለሁ። ክብደት የጠበቀ እጅ ባዶ ሲያገኝ እንደሚሰናከል፣ የሚያነበውም ድምፅ እዚያው ላይ ይሰናከላል። ዐውቃ አድርጋው እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅም አያስፈልግም። ክረምት ወጣ አላለችንም፤ ክረምቱ የወጣው በክንዷ ውስጥ ነው። ወሩንም አልጠራችውም፤ እኛ ግን የትኛው ሌሊት እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን፤ ብዙዎቻችን ያን ሌሊት ሳናስተውለው ተኝተን አሳልፈነዋል።

ሁለት ነገር ግን አልወደድኩላትም። ጣሪያውን “ሸራ” ብላዋለች። እዚህ ሸራ የሚለው የለም፤ ፕላስቲክ ነው የምንለው፤ ግጥም ስለሆነ ብላ ማማለሏ ነው። ከልጁ ጥያቄ በኋላ ደግሞ ሁለት ስንኝ ጨምራ፣ መከራችንም እንደዚሁ አንድ ቀን ቀላል እንደሚሆን ትነግረናለች። እነዚያ ሁለት ስንኞች ከሌሎቹ ግጥሞች ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ እንጨቱን የያዘችው ሴት አልተናገረቻቸውም። እርሷ ከፈቀደች፣ አዘጋጆቹ በሚቀጥለው ቅጂ ሁለቱን ትተው፣ ሸራውንም ፕላስቲክ ብለው፣ ግጥሙን እንደገና ቢያዞሩት እመኛለሁ። ልጁ ይጠይቅ፤ እናቱም ሳትመልስለት ወረቀቱ ያልቅ።